የጃኔል ስም ያለበት ወረቀት

ኤይላ ላምፒ ፖስታውን በቅቤ መቀቢያው ቢላ ቀደደችና ወረቀቱን አወጣች፤ አየችው፤ ገለበጠችው፤ መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ ወልውላ እንደገና አየችው። የልጇ ስም ነው። ችግሩ የሌላኛዋ ልጅ ስም መሆኑ ነው። «ጃኔል ላምፒ» ይላል፤ ከሥሩ የቤታቸው አድራሻ፣ በስተቀኝ ባለችው ትንሽ ሣጥን ውስጥ ደግሞ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ዶላር። ለወንድሟ ለብሬት የታሰበው የትምህርት ቁጠባ ገንዘብ። ጃኔል ግን ትምህርት ቤት ከረገጠች አምስት ዓመት ሆኗታል፤ ሱፐርማርኬቱ ዳቦ ቤት ውስጥ ሊጥ ታቦካለች።

«ሬይኖ፣ ባንኩ ስም ተሳስቷል» አለች።

ባሏ ሬይኖ የአጃ ገንፎውን እየበላ ነበር። ማንኪያውን አላቆመም። «እህ» አለ።

«የብሬትን ገንዘብ በጃኔል ስም ጽፈውት እርፍ! ይኼ እኮ የሷ ገቢ ተብሎ ሊቆጠርባት ነው። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?»

«ጃኔልን ጠይቂያታ።»

«ጃኔል ስለ ባንክ ምን ታውቃለች?»

 ሬይኖ ገንፎውን ጨረሰ፣ ተነሣ፣ ሳህኑን ራሱ አጠበና ጓንቱን አጥልቆ ወደ ጋራዡ ወጣ። በሠላሳ ሁለት ዓመት ትዳራቸው ሬይኖ ሳህን ያጠበው ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ የሚደብቀው ነገር ነበረው። ኤይላ ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ተተክሎ ስለነበር ይኼኛውን አራተኛ ጊዜ ልብ አላለችውም።

ኤፕሪል ሃያ ዘጠኝ ነበር፤ ግብር የማሳወቂያው ጊዜ ሊዘጋ አንድ ቀን ቀርቶታል። ተንደር ቤይ ውስጥ ያሉት ጎረቤቶቿ ይኼን ነገር ከጨረሱ ወር አልፏቸዋል፤ በኮምፒውተር ነው የሚሠሩት። ኤይላ ግን ኮምፒውተር አታምንም። ከምትሠራበት የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል የዕረፍት ቀን ትጠይቅና የአራቱንም ሰው ወረቀት ካጠራቀመችበት ሰማያዊ የብስኩት ቆርቆሮ አውጥታ የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋዋለች። መጀመሪያ በእርሳስ ትጽፋለች፤ ሦስት ጊዜ ደምራ ካረጋገጠች በኋላ ነው በእስክሪብቶ የምታጸድቀው። ሁልጊዜ የምትጀምረው ከብሬት ነው፤ ከታናሹ፣ ኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ከገባው። የቁጠባውን ነገር ደግሞ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ ትላለች። ጃኔል ከተወለደች ጀምሮ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በየወሩ ሃምሳ ሃምሳ ዶላር ከደመወዟ ያስቀመጠችው እሷ ናት፤ ለሁለቱም ልጆች በአንድ ሂሳብ፣ በሷና በሬይኖ ስም። አሮጌው ማቀዝቀዣ ሳይቀየር እየተንቀጠቀጠ ስምንት ዓመት የቆየው በዚያ የተነሣ ነው። ብሬት መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ የገባ ዓመት ወረቀቱ በሱ ስም ሲመጣ፣ ገንዘቡን ያጠራቀምኩት እኔ አይደለሁም እንዴ ብላ በራሷ ቅጽ ላይ ሞልታ ግብሩንም ከፍላ ነበር። ግብር ቢሮው በትሕትና ደብዳቤ ጻፈላት፦ እርስዎ ያስቀመጡት ሲመለስልዎ ግብር የለበትም፤ መንግሥት የጨመረበትና ወለዱ ግን ሲወጣ የተማሪው ገቢ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ልብስ ያጠበ ሰው ሌላ፣ ገቢ ያገኘ ሰው ሌላ። ነገሩ እስከ ዛሬ አልገባትም፤ ግን ተቀበለችው። አሁን ደግሞ ገቢው የተማሪው ከሆነ፣ ተማሪ ያልሆነችው ጃኔል እዚህ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረጋት?

ጃኔል ምድር ቤት ነው የምትኖረው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከሞላት ጀምሮ በወር አራት መቶ ዶላር ኪራይ ትከፍላለች፤ የምትሠራ ልጅ መክፈል ትልመድ ተብሎ። የብሬት ኪራይ ግን ከቁጠባው ነው የሚከፈለው፤ እሱ ተማሪ ነዋ። ይኼ ልክ ነው ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው በቤቱ ውስጥ አልነበረም። ጃኔልም ወሩ ሊያልቅ ሲል ሃያ የሃያ ዶላር ኖቶች ቆጥራ በዓሣ ቅርጽ በተሠራችው ማግኔት ማቀዝቀዣው ላይ ትለጥፍና ትወርዳለች። ኪራይ የሚከፈልበት ክፍል ነውና ኤይላ ልጅቷ በሌለችበት ገብታ አታውቅም፤ ካለችም የምታንኳኳው የታጠበ ፎጣ ልትሰጣት ሲሆን ብቻ ነው።

ባንኩ ስትደርስ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። በረዶው እየቀለጠ መንገዱ ጭቃ ነው፤ መኪና ለማቆም ሦስት ዶላር ከፈለች፤ ተናደደች። ኪርስተን የምትባል ወጣት ሠራተኛ አስቀመጠቻትና ወረቀቱን አገላብጣ አየችው።

«ወይዘሮ ላምፒ፣ ስህተት አይመስለኝም። ወረቀቱ የሚወጣው ገንዘቡ በወጣለት ተማሪ ስም ነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ተማሪው ብሬት ነው። ባለፈው ኦገስት ለሦስተኛ ዓመቱ እንዲወጣለት ተስማምተን ባለቤቴ መጥቶ ፈርሟል።»

«አዎ፣ የባለቤትዎ ፊርማ አለ።» ልጅቷ ኮምፒውተሩን አየች፤ ከዚያ ኤይላን አየች፤ የሆነ ነገር ልትል ፈልጋ የተወችው ይመስል ነበር። «ትምህርት ቤቱ ተማሪነቱን ካላረጋገጠ እኛ አንከፍልም። ፋይሉ ውስጥ ማረጋገጫ አለ። ከዚህ በላይ ግን የተማሪዋን ጉዳይ ያለሷ ፈቃድ መናገር አልችልም። ለምን መጀመሪያ ከባለቤትዎ ጋር አይነጋገሩም?»

«የገዛ ልጄን ጉዳይ ከኔ የምትደብቂው አንቺ ማን ነሽ?» አለች ኤይላ። ድምፅዋ ከፍ ማለቱን ያወቀችው ሌሎቹ ሠራተኞች ቀና ሲሉ ነው። «ሳምንቱን ሙሉ ዳቦ ቤት የምትውል ልጅ ናት። ማረጋገጫው የብሬት ነው። ስማቸውን አምታታችሁት፤ አለቀ።»

ኪርስተን ባዶ ወረቀት አወጣች። ቅሬታ ካለ በጽሑፍ ይቀርባል፤ ዋናው ቢሮ አይቶት ዛሬ ወይ ነገ ለተማሪዋ ይደውላል፤ እስኪጣራ ድረስ ግን ከሂሳቡ የሚወጣ ክፍያ ሁሉ ይቆማል አለቻት። ይቁም አለች ኤይላ፤ እሷ እስከምታውቀው ድረስ የሚወጣ ክፍያ አልነበረም። ወረቀቱን ተቀብላ፣ ያለወትሮዋ እርሳስ ሳትፈልግ፣ በባንኩ እስክሪብቶ ጻፈች፦ «ልጄ ጃኔል ላምፒ ተማሪ አይደለችም። ሆናም አታውቅም። ገንዘቡ የወንድሟ ነው።» ፈረመችበት። ልጅቷ ወረቀቱን ማሽኑ ላይ አድርጋ ወደ ዋናው ቢሮ ስትልከው ቆማ አየች።

ከባንኩ ፊት ለፊት ባለው ካፌ ሮዝ ክሬም የተቀባ ቦምቦሊኖ በሦስት ዶላር ከሃያ አምስት፣ ቡና በሁለት ዶላር ከአሥር አዘዘች። የዘንድሮው ቦምቦሊኖ የአምናውን ግማሽ ያክላል፤ ይኼንንም ለአስተናጋጁ ነገረችው። ደስ ብሏት ነበር፤ ነገር ያስተካከለ ሰው የሚሰማው ዓይነት ደስታ። ከዚያ የብሬትን ቅጽ ለመሙላት የትምህርት ክፍያው ወረቀት እንደሚያስፈልጋት ትዝ ሲላት ደወለች።

«እማ» አለ ብሬት። ከኋላው ሰዎች ይጯጯሃሉ፤ ከባድ ነገር ሲጎተት ይሰማል።

«የትምህርት ክፍያ ወረቀትህን ላክልኝ። ነገ የመጨረሻው ቀን ነው።»

«የዘንድሮው… የለም።»

«እንዴት የለም? ከዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ አውጣዋ።»

«እማ፣ የለም ማለቴ፣ የለም። ከሴፕቴምበር ጀምሮ አልተመዘገብኩም።» ከዚያ ቶሎ ቶሎ መናገር ጀመረ፦ ትምህርቱ አልሆነለትም፤ ሁለት ኮርስ ወድቋል፤ አሁን የቤት ዕቃ የሚያጓጉዝ ድርጅት ውስጥ ይሠራል፤ ኪራዩን ራሱ ይከፍላል፤ ትናንት ፒያኖ ሦስተኛ ፎቅ አውጥቷል። «ለአባ ነግሬዋለሁ እኮ። እናትህን ቀስ ብዬ አረጋጋታለሁ ብሎኝ ነበር።»

«አላረጋጋኝም» አለች ኤይላ። «ገንዘቡስ?»

«የቱ ገንዘብ?»

«ስድስት ሺህ ሁለት መቶው!»

«እማ ሙች፣ እኔ ዘንድሮ አምስት ሳንቲም አልነካሁም።»

ስልኩን ዘጋችና ቦምቦሊኖውን አየችው።  ስንት ሰው ፊት ነው አፏን ሞልታ ልጄ ኦታዋ ዩኒቨርሲቲ ይማራል ያለችው? እዚያ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ እያጠፈች ያላወራችለት ማን አለ? ግን ከሁሉም በላይ ግራ የገባት ሌላ ነገር ነበር። ብሬት ካልወሰደው፣ ጃኔል ተማሪ ካልሆነች፣ ፊርማውም የሬይኖ ከሆነ፣ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ዶላር የት ገባ? ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ እንደገና አየችው፤ ያው ነው። ከዚያ ድንገት የጀልባው ሞተር ትዝ አላት። ሁለት በጋ ሙሉ ሞቶ ጋራዥ ውስጥ ተጋድሞ የነበረው ሞተር ባለፈው ኦክቶበር አዲስ ሆኖ ሬይኖን ሐይቁ ላይ ይዞት ሲበር አይታለች። አዲስ ገዝቶ ነበር ማለት ነው። በልጁ ስም ገንዘብ አውጥቶ፣ የማጠቢያ ክፍል ላቤን ውሃ ላይ ሊነዳበት! ቡናውን ሳትጨርስ ተነሣች። እንዲህ ያለ ነገር ከሬይኖ ይመጣል ብላ አስባ አታውቅም፤ ግን ሌላ መልስ አጣች።

ቤት ስትደርስ ሬይኖ አልነበረም፤ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ስታገኘው ጋራዡ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የዓሣ መንጠቆ ይደረድር ነበር። ሞተሩ ከጎኑ ቆሟል።

«ይኼን በስንት ገዛኸው?» አለችው፣ ደህና ዋልክ እንኳ ሳትል።

«ምኑን?»

«ሞተሩን ነዋ! አትደናቆርብኝ። ብሬት ነግሮኛል። ገንዘቡን እንዳልወሰደ ነግሮኛል።»

ሬይኖ መንጠቆውን አስቀመጠ። «አልገዛሁትም። የድሮው ነው።»

«የድሮው ሞቶ ነበር።»

«ሞቶ ነበር። ጃኔል አስነሣችው።»

ኤይላ ሳቀች፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ተቋረጠ። ሬይኖ ብዙ የማይናገር ሰው ነው፤ የዚያን ቀን ግን ተናገረ፤ ወለሉን እያየ፣ አንዱን ነገር ከሌላው ሳያስከትል። ጃኔል ከሴፕቴምበር ጀምሮ ኮሌጅ ናት። የአውሮፕላን ሞተር ጥገና ነው የምትማረው። ዳቦ ቤቱን ወደ ማታና ወደ ቅዳሜ እሑድ አዙራዋለች። ብሬት አልማርም ሲል፣ ሬይኖ ባንክ የሄደው ለብሬት ሳይሆን ለሷ ነው፤ ሂሳቡ የሁለቱም ልጆች ነዋ። ኤይላ እየሰማች ዓይኗ ሞተሩ ላይ ነበር። ያ ሁሉ ወር! ልጅቷ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስትወጣ፣ ክረምቱን ሙሉ፣ በዚያ ብርድ። የጥፍሮቿ ሥር ጥቁር ሆኖ ባየችው ጊዜ «በዚህ እጅሽ ነው የሰው ዳቦ የምትነኪው?» ብላ ጮኻባታለች። ልብሷ ዱቄት ሳይሆን ነዳጅ ነዳጅ ሲሸት ከወንድ ጓደኛ ጋር በረዶ ላይ በሚነዳ ሞተር ስትሄድ ትውላለች ብላ ደምድማ ነበር። ሁሉም ነገር ዓይኗ ሥር ነበር።

«ለምን አልነገረችኝም?» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት።

«ዓመቱን ካለፍኩ ራሴ እነግራታለሁ፤ ከወደቅኩ ግን አትስማ አለችኝ።»

«ለምን? እናቷ አይደለሁም?»

ሬይኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «የገና ለት ለእህትሽ ያልሽው ትዝ ይልሻል? ኩሽና ውስጥ?»

ትዝ አላት። አራት ዓመት ሆኖታል። እህቷ ሲርካ ካሮት እየላጠች ጃኔልስ ትምህርት አትገባም ወይ ስትላት፣ እሷ የአሳማ ሥጋውን ከምድጃው እያወጣች፣ ጃኔል ጥሩ ልጅ ናት፣ ጭንቅላቷ ግን ለትምህርት አልተሠራም፤ ገንዘቡን እሷ ላይ ከማባክነው ለብሬት ይሁን ብላለች። በክፋት አልነበረም። እንደ አየር ሁኔታ ነበር የተናገረችው።

«ጃኔል ሳህኖቹን ይዛ በሩ ጋ ቆማ ነበር» አለ ሬይኖ።

ኤይላ የሞተሩን ጫፍ ያዘች። ከዚያ ጠዋት በባንኩ እስክሪብቶ የጻፈችው ዓረፍተ ነገር ከነፊርማዋ ፊቷ ድቅን አለ። «ሬይኖ፣ ጽፌያለሁ።»

«ምን?»

«ተማሪ አይደለችም ብዬ። ሆናም አታውቅም ብዬ። ላኩት። እስኪጣራ ክፍያው ይቆማል ብለውኛል።»

«ሰኞ የበጋው ትምህርት ክፍያ ሊወጣላት ነው!» ሬይኖ ጮኸ። ጮኾ የማያውቅ ሰው ነው፤ ድምፁ ጋራዡ ውስጥ ሲያስተጋባ ራሱም ደነገጠ። «ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ። ካልከፈለች ቦታዋን ለሌላ ይሰጡባታል።»

እየሮጠች ወደ ቤት ገባች። ወደ ባንኩ ደወለች። የተቀዳ ድምፅ ለዚህ አንድን፣ ለዚያ ሁለትን ይጫኑ አላት፤ ተጫነች፤ ሙዚቃ ከፈተላት። ከሙዚቃው በኋላ ጥሪዎ አስፈላጊያችን ነው አላት፤ መልሶ ሙዚቃ። አርባ ደቂቃ። በመጨረሻ ያነሣው ሰው ወረቀቱ ከቅርንጫፉ ወጥቷል፤ የሚያጣራው ክፍል ራሱ ይደውላል፤ እኔ የማደርገው ነገር የለም አላት። ወደ ቅርንጫፉ ብትደውል አያነሡም፤ አሥር ሰዓት አልፎ ተዘግቷል። ሬይኖ በሩ ላይ ቆሞ ያያታል። ጠረጴዛው ላይ አራቱ ቅጾች እንደተዘረጉ ናቸው፤ የብሬት ላይ ስሙ በእርሳስ ተጽፏል፤ የጃኔል ባዶ ነው። ልጅቷ ስትመጣ ምን ብላ እንደምትጀምር አሰበች፤ የሚጀመርበት ቦታ አጣች።

ጃኔል አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ገባች። እንደ ልማዷ ሰላም ብላ ቦት ጫማዋን ለማውለቅ በሩ ሥር ጎንበስ እንዳለች የቤቱ ስልክ ጮኸ፤ ቅርብ እሷ ስለነበረች አነሣችው።

«አዎ፣ ጃኔል ላምፒ ነኝ።» አዳመጠች። አንድ እግሯ ጫማ ውስጥ፣ ሌላው በካልሲ ነው። «አይደለም፣ ተማሪ ነኝ። ማረጋገጫውን ኮሌጁ ልኮላችኋል እኮ… ማን ነው እንደዛ ብሎ የጻፈው?» ከዚያ ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ጠፋ። ወደ ኩሽናው ዞረች። «እናቴ?»

 ከኤይላ እስከ ስልኩ ያለው አምስት እርምጃ ነው። ሄዳ እጇን ዘረጋች፤ ጃኔል ስልኩን ሰጠቻት፤ ሳታያት።

«እናቷ ነኝ» አለች ኤይላ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው። ልጄ ተማሪ ናት።»

ከወዲያ ያለችው ሴት ቁርጥ ባለ ድምፅ ጠየቀች፦ ጠዋት ሆናም አታውቅም ብለው ፈርመዋል፤ አሁን ደግሞ ናት ይላሉ። ከሁለቱ የትኛውን እንመዝግብ? የሚያውቁ ከሆነ፣ ምን እንደምትማር ይንገሩኝ።

ኤይላ አፏን ከፈተች። ሬይኖ የነገራት ከጭንቅላቷ ብን ብሎ ጠፍቶባታል። ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ልጇ ዞረች። «ምንድን ነው… የምትማሪው?»

ጃኔል ጎንበስ ብላ የቀረውን ጫማዋን መፍታት ጀመረች። 

«የአውሮፕላን ሞተር ጥገና» አለች።

«የአውሮፕላን ሞተር ጥገና» አለች ኤይላ በስልኩ።

«አንደኛ ዓመት። ሙሉ ቀን።»

«አንደኛ ዓመት። ሙሉ ቀን» አለች ኤይላ። ዕንባዋ መነጽሯ ሥር ወረደ፤ አልጠረገችውም። ሴትዮዋ ይኼው በጽሑፍ ነገ ጠዋት ቅርንጫፉ ከደረሰ የሰኞው ክፍያ ይለቀቃል አለቻት። አመሰገነች፤ ሁለቴ አመሰገነች፤ ስልኩን ስትዘጋ ጃኔል ሌላኛውን ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች።

«ገንዘቡን ከብሬት የነጠቅኩት አልነበረም» አለች ጃኔል። «እሱ አልፈልግም ስላለ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም ነበር።»

«አላውቅም ነበር» አለች ኤይላ። ሌላ የምትለው ነገር ነበራት፤ ጃኔል ግን ደረጃውን ወርዳለች።

ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ደብዳቤውን ጻፈች፤ ሁለቴ አበላሽታ ቀደደችው፤ ሦስተኛው ሆነላት። ሬይኖ ድንች ቀቀለ። ትንሽ ቆይቶ ጃኔል ወደ ላይ ወጣች፤ ማቀዝቀዣው ጋ ጥቂት ቆማ፣ ምንም ሳትናገር ተመለሰች። ኤይላ ተነሥታ አየች። ዓሣዋ ማግኔት ሥር ሁለት ነገር ነበር፦ የኮሌጁ የትምህርት ክፍያ ወረቀት፣ ግብሩ ላይ የሚሞላው፤ ከሱ ሥር ሃያ የሃያ ዶላር ኖቶች። ወሩ ሊያልቅ ነዋ። ወረቀቱን ሳብ ስታደርገው ማግኔቷ ወደቀች፤ ኖቶቹም ወለሉ ላይ ተበተኑ። ተንበርክካ አንድ በአንድ ለቀመቻቸው። መልሳ መለጠፍ አልቻለችም፤ ኪሷ መክተትም አልቻለችም። 

ገንዘቡን እንደያዘች ደረጃውን ወረደች። የታጠበ ፎጣ አልያዘችም። አንኳኳች።

«ማነው?» አለች ጃኔል ከውስጥ።

«እኔ ነኝ» አለች ኤይላ። ይኼ በቂ አልመሰላትም። «እናትሽ ነኝ።»

 ከውስጥ ወንበር ወደ ኋላ ሲገፋ ተሰማ።

«ግቢ» አለች ጃኔል። «በሩ አይቆለፍም እኮ። ተቆልፎም አያውቅም።»